ውሉ የጠፋ ፎቶ

ይድረስ፦ በኢትዮጵያ ገጠር ገበሬ ለምታነሱ፣ ለምታስነሱና ከፎቶው ሥር መግለጫ ለምትጽፉ የእርዳታ ድርጅቶች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከፎቶ ሥር ስለምንጽፋት አንድ መስመር

ጤና ይስጥልን።

እኔ ከእናንተው አንዱ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ላንድክሩዘር የኋላ ወንበር ላይ ካሜራ ታቅፌ ከደብረ ብርሃን እስከ ሰቆጣ ተመላልሻለሁ። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ካሜራዬም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን የምጽፈው ልወቅሳችሁ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ወቀሳ ካለ የመጀመሪያው ተወቃሽ እኔ ነኝ፤ እሱን አስቀድሜ ልናገርና ወደ እናንተ እመጣለሁ።

የካቲት 2008 ዓ.ም. መንዝ ነበርኩ። ኤልኒኖ ያመጣው ድርቅ የበረታበት፣ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለበት ዓመት ነው። የላከኝ ድርጅት የፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፤ ችግሩ ፊቱ ላይ የሚነበብ ገበሬ። ሁለተኛው ቀን ላይ አገኘሁት። ሰውየው ጅራፉን አንሥቶ በሬዎቹን ሲያዞር አቧራው ከማረሻው ሥር ቦለል ብሎ ተነሣ፤ ፀሐይዋ ከጎን ነበረች፤ የበሬዎቹ ጎድን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከበስተኋላው የድንጋይ ካብ ላይ አንዲት እናት ባና ተከናንበው ተቀምጠው ያያሉ። ማታ ሆቴል ገብቼ ላፕቶፔን ከፍቼ ስመርጥ እኒያ እናት ዓይን ሰረቁብኝ። ከግራ በኩል ቆረጥኩና አወጣኋቸው። ፎቶው አማረ። ከሥሩም «በድርቅ የተጎዳ ድሃ ገበሬ ተስፋ ሳይቆርጥ ማሳውን ሲያርስ» ብዬ ጻፍኩና ያኔውኑ ላክሁት፤ ኔትወርኩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚሻለው።

በማግሥቱ የፈቃድ ቅጽ ላስፈርም ተመለስኩ። ቅጹ ላይ የማሳ ስፋት የሚል ቦታ ነበረና «ማሳህ ስንት ጥማድ ይሆናል?» አልኩት። ሳቀ። «የቱ? ይኸ? ይኸማ የሳቸው ነው» አለና በጅራፉ እጀታ ወደ ካቡ አመለከተኝ። መሬቱ የእኒያ እናት ነው። የይዞታ ደብተሩ በስማቸው ነው። በሬዎቹ ግን የእሱ ናቸው፤ ዘሩም ከእሱ። ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። እሱ እንዲህ ያለ የአራት ሰው መሬት ያርሳል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ደብረ ብርሃን የምትማር ልጅ አለችው። እሳቸው ዘንድ ገብቼ ቡና ጠጣሁ። አንዱ በሬያቸው ገደል ገብቶ ሞቷል፣ ሌላውን ድርቁ ሲጠና ሸጠውታል። «መቀናጆ አይገኝም ነበር?» አልኳቸው፤ አንድ በሬ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አጣምሮ የሚያርስበትን ማለቴ ነው። «ከማን ጋር ልቀናጅ ልጄ፤ አንድም የለኝም እኮ» አሉኝ። ትንሽ ዝም አሉና ደግሞ «መሬት ብቻውን አይታረስ» አሉ።

ስለዚህ እዚያ ፎቶ ውስጥ ድሃ ከነበረ፣ ቆርጬ የጣልኩት ነው። ስልክ ደወልኩ፤ መግለጫው ስህተት ነው፣ ፎቶውም ሙሉው ይሂድ አልኩ። ጉዳዩን ለሰው ማስረዳት ያስቸግራል፣ ፎቶው ደግሞ እጅግ ተወዷል፣ ይለፍ ተባልኩ። እኔም አሳለፍኩት። የዚያ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ ወጣ፤ አንድ ቅጂ እኔም ቤት ነበረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ለክረምቱ ዘር ሲታደል ዝርዝሩ የተሠራው «አራሽ ገበሬዎች» ተብሎ ነው። አራሹ ዘር አገኘ። እኒያ እናት አያርሱምና ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። የእኔ ፎቶ ዝርዝሩን አልሠራም፤ ነገር ግን ፎቶውንም ዝርዝሩንም የሠራው ያው አንድ ዓይን ነው፤ ሞፈር የጨበጠውን ሰው አይቶ «ገበሬው እሱ ነው፣ ድሃውም እሱ ነው» የሚል ዓይን።

ወጣት ለሆናችሁት አንድ ነገር ላስታውስ። በአባቶቻችን ዘመን እርቦ (አንድ አራተኛ)፣ ሲሶ (አንድ ሦስተኛ)፣ እኩል የሚባለው ጭሰኛው ለባለርስቱ የሚሰፍረው ነበር። የተራበው አራሹ ነው፤ ጎተራው የሞላው የባለመሬቱ ነው። «መሬት ለአራሹ» የተባለውም ለዚያ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ታወጀና የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። ቃሉ ግን አልቀረም። ጎጃም መጋዞ ይለዋል፣ ሸዋ የእኩል ይለዋል፤ ዛሬም ሰዉ በቃል ይዋዋላል። የተገለበጠው ድህነቱ ነው። አሁን መሬቱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በሬ ያጣ፣ ጉልበት የከዳው፣ ባል የሞተባት ነው፤ የሚቀበለው ደግሞ በሬ ያለው ጠንካራ ገበሬ ነው። ይህን የማያውቅ ፎቶ አንሺ የፈለገ ጥሩ ሌንስ ቢኖረው ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያነሣው። እኔ አባቴ እኩል አራሽ የነበረ ሰው ነኝ፤ ማወቅ ነበረብኝ።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ልውሰዳችሁ።

ካፒቶል ሂል ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከሦስቱ ሕንፃዎች አንዱ ማዲሰን ይባላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የፎቶ ንባብ ክፍል አለ። የአንባቢ ካርድ በነፃ ነው የሚሰጡት። እረፍት ሲኖረኝ በሜትሮ እሄዳለሁ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የአሜሪካን ነገር ስናገር ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) የተነሡ የድሃ ገበሬ ፎቶዎችን አያለሁ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በሚባለው ዘመን መንግሥት ራሱ ፎቶ አንሺ ቀጥሮ አገሩን ያስነሣ ነበር። በ1935 የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር፣ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የእርሻ ዋስትና አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው ያሠራው። ከ170,000 በላይ ኔጋቲቭ ዛሬም አለ። ማንም ሰው ገብቶ ማየት፣ ማስገልበጥና መጠቀም ይችላል፤ የሕዝብ ንብረት ነው።

ክፍሉን ይመራ የነበረው ሮይ ስትራይከር ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተማረ ሰው ነው። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። ካርል ማይዳንስ የሚባለው ፎቶ አንሺ ወደ ደቡብ ሄዶ የጥጥ ገበሬዎችን ሊያነሣ ሻንጣውን ሸክፎ ሊሰናበተው ገባ። ስትራይከር ስለ ጥጥ ምን ታውቃለህ ብሎ ጠየቀው። ብዙም አላውቅም አለ ማይዳንስ። ስትራይከር ጸሐፊውን ጠርቶ የባቡር ቲኬቱን አሰረዘውና ያን ቀን ሙሉ፣ ምሳ እየበሉ፣ እራት እየበሉ፣ እስከ ሌሊት ድረስ ስለ ጥጥ ሲያስተምረው ዋለ። እንዴት እንደሚዘራ፣ ማን እንደሚገዛው፣ አገሩን ምን እንዳደረገው። ማይዳንስ የሄደው በማግሥቱ ነው።

እኔን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለ ገብስ የጠየቀኝ አለቃ አልነበረኝም። ስለ ሌንስ፣ ስለ አበል፣ ስለ ሎጎው አቀማመጥ ግን ተጠይቄአለሁ።

የጥጡን ነገር ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት፤ ያለ እሱ ፎቶዎቹ አይገቡም። የአሜሪካ ደቡብ የባርነት ዘመን ካበቃ በኋላ መሬቱ ከጌቶቹ እጅ አልወጣም። ነፃ የወጡት ጥቁሮችም መሬት የሌላቸው ነጮችም በእኩል ማረስ ጀመሩ። ከስትራይከር ፎቶ አንሺዎች አንዱ የነበረው ዎከር ኢቫንስ በ1936 በጋ አላባማ ሄል ካውንቲ ያነሣው የፍሎይድ በሮውስ ቤተሰብ ውል እንዲህ ነበር። መሬቱ፣ ቤቱ፣ በቅሎው፣ የእርሻ መሣሪያው የባለመሬቱ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በወር 10 ዶላር የቀለብ ብድር ይሰጠዋል። በመኸር የጥጡን ግማሽ፣ የጥጥ ፍሬውን ግማሽ፣ የበቆሎውን ግማሽ ለባለመሬቱ ያስረክባል። ከቀረችው ከራሱ ግማሽ ላይ ደግሞ የቀለቡን ብድር ከነወለዱ፣ የማዳበሪያውን ድርሻ ከነወለዱ ይከፍላል፤ ወለዱ 8 በመቶ ነው። ሂሳቡን የሚጽፈው ባለመሬቱ ነው። ከዚያ የተረፈ ካለ የእሱ ነው። ጥጥ በ1929 በፓውንድ ወደ 17 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በ1931 ከ6 ሳንቲም በታች ወርዷል። እንግዲህ እናንተው አስሉት።

ኢቫንስ የሰውየውን ሚስት አሊ ሜይ በሮውስን ቤቷ ሳንቃ ግድግዳ ላይ አስደግፎ አነሣት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ከንፈሯን በስተውስጥ ነክሳለች፤ ግንባሯ ቋጠር ብሏል፤ ከበስተኋላዋ የሳንቃው ጅማት እንደ ቆዳ ይታያል። የታዘዘው ለፎርቹን መጽሔት ነበር፤ መጽሔቱ ግን ሥራውን አላወጣውም። አብሮት የሄደው ጸሐፊ ጄምስ ኤጂ ጽሑፉን አስፋፍቶ በ1941 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ ያኔ የገዛው ሰው ጥቂት ነው። መጽሐፉ የቤተሰቦቹን ስም ለውጦ ነው የጻፈው፤ ውሉን ግን እስከ ወለዱ ድረስ ዘርዝሮታል። ስለ ፎቶው ውበት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። የአሊ ሜይን ፊት ካየህ በኋላ ያን ሂሳብ ስታነብ አዝነህ አትቀርም፤ ሂሳቡን የጻፈውን ሰው ትፈልገዋለህ።

ስም መለወጡ ትክክል ነበር ወይ? ሁለት ልብ ነኝ። ከቤተሰቦቹ ልጆች አንዳንዶቹ አድገው ሲናገሩ ቅሬታ ነበራቸው፤ ድህነታችን ለዓለም ታየ፣ ሌላው ስምና ገንዘብ አገኘበት፣ እኛ ምን አገኘን የሚል። ስማቸው ቢደበቅም ፊታቸው አልተደበቀም።

የሌላዋ የስትራይከር ፎቶ አንሺ፣ የዶሮቲያ ላንግ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ያቺን ፎቶ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። መጋቢት 1936፣ ካሊፎርኒያ ኒፖሞ፣ አተር ለቃሚዎች የሰፈሩበት። ውርጭ አተሩን መትቶት ሥራ ጠፍቷል። ላንግ የወር ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ እየነዳች ነበር፤ የሰፈሩን ምልክት አልፋ 20 ማይል ያህል ከሄደች በኋላ ልቧ አላስችል ብሏት ተመለሰች። እናትየዋ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ ሩቅ ታያለች፤ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል። ላንግ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ቆየች። ስሟን አልጠየቀቻትም። ጋዜጣው ፎቶውን ሲያወጣ 20,000 ፓውንድ ምግብ ወደ ሰፈሩ ተላከ፤ ያቺ ቤተሰብ ግን ቀድማ ሄዳ ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ የአካባቢ ጋዜጠኛ አገኛት። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን ትባላለች። ባልተነሣሁ ይሻለኝ ነበር አለች፤ ስሜን አልጠየቀችኝም፣ ቅጂ እልክልሻለሁ ብላ አልላከችልኝም፣ አንድ ሳንቲም አላገኘሁበትም አለች። ሕዝቡ በዚያ ሁሉ ዓመት በድርቅና በአቧራ ከቀዬዋ የተፈናቀለች ነጭ ገበሬ አድርጎ ነው የሚያውቃት። እሷ ቼሮኪ ናት፤ ኦክላሆማ ተወልዳ ካሊፎርኒያ የገባችው ድቀቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ላንግ የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው በሉ ብላ የጻፈችውንም ልጆቿ የምን ጎማ፣ የሚሸጥ ጎማስ መች ነበረንና ብለዋል። በ1983 ታማ ስትተኛ የሕክምናዋን ገንዘብ ሕዝብ አዋጣላት፤ በዚያው ዓመት አረፈች። በ1998 ፎቶዋ ቴምብር ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ በፎቶው ጥግ ድንኳኑን የያዘ አውራ ጣት ነበረ፤ ላንግ ጥንቅሩን ያበላሻል ብላ ኋላ ኔጋቲቩ ላይ አስጠፋችው። ስትራይከር በዚህ ተቆጣ ይባላል። እሱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ያልወደደውን ኔጋቲቭ በወረቀት መብሻ ይበሳው ነበር። ቀዳዳዎቹ ዛሬም ይታያሉ፤ የሰው ፊት መሐል ላይ ጥቁር ጨረቃ መስለው። ለላንግም ጥቁሩንም ነጩንም አንሺ፣ ነገር ግን ነጩ ላይ አተኩሪ፣ ሰፊ ጥቅም ላይ የሚውለው እሱ ነው ብሎ ጽፎላታል። ለጋሽ የሚወደውን ፊት ምረጥ ማለት ከእኛ አልተጀመረም።

እኔን ግን ወንበሬ ላይ ያስቀረችኝ ሌላ ፎቶ ናት።

እሷም የላንግ ናት፤ 1936፣ ሚሲሲፒ፣ ክላርክስዴል አጠገብ። አንድ ቦርጫም ነጭ ሰው፣ የእርሻው አዛዥ፣ እግሩን የመኪናው መከላከያ ላይ ሰቅሎ ቆሟል፤ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። ከኋላው፣ የሱቁ ደረጃና በረንዳ ላይ፣ ጥቁር አራሾቹ ተቀምጠዋል፣ ቆመዋል። በግራ ጠርዝ የላንግ ባል፣ ኢኮኖሚስቱ ፖል ቴይለር፣ በግማሽ ጎኑ ይታያል፤ ሰውየውን በወሬ ይዞላታል። ማንም ምንም አያደርግም። ነገር ግን ማን የማን እንደሆነ ከአቋቋማቸው ይነበባል፤ ፎቶው ራሱ ውል ነው። በ1938 ስለ ነፃነት ረጅም ግጥም ባለበት አንድ መጽሐፍ ውስጥ ይህችው ፎቶ ወጣች። አራሾቹ ተቆርጠዋል። የቀረው ሰውየው ብቻ ነው፤ ብቻውን ሲታይ ደግሞ ኩሩ፣ ደልዳላ፣ ነፃ የገጠር ሰው ይመስላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ያኔ ነው የድንጋይ ካቡ ትዝ ያለኝ።

ይህ ነገር የፎቶ ሰዎች ቅንጦት ብቻ እንዳልሆነ እንድታምኑኝ አንድ የገንዘብ ጉዳይ ላንሣ። በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት የጥጥ ዋጋ እንዲያንሰራራ ብሎ ምርት እንዲቀነስ ገበሬውን በገንዘብ አባበለ፤ በዚያ በጋ ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ኤከር የበቀለ ጥጥ በቁሙ ተገለበጠ። ቼኩ የሚጻፈው ግን ለባለመሬቱ ነው። ለእኩል አራሹ ድርሻውን እንዲሰጥ ይጠበቅ ነበር፤ ብዙዎቹ አልሰጡም፤ እንዲያውም ላለመካፈል አራሹን ከነልጆቹ አባረሩት። በሐምሌ 1934 አርካንሳስ ታይሮንዛ ውስጥ ጥቁርና ነጭ አራሾች አንድ ላይ ማኅበር ያቋቋሙት በዚህ የተነሣ ነው። በጥር 1939 ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ ሚዙሪ ውስጥ የተባረሩ ከሺህ በላይ ሰዎች ፍራሻቸውን፣ ምድጃቸውን፣ ሕፃናታቸውን ይዘው አውራ ጎዳና ዳር በብርድ ሰፈሩ። የስትራይከር ፎቶ አንሺ አርተር ሮትስታይን ሄዶ አነሣቸው፤ መግለጫዎቹም የተባረሩ አራሾች ይላሉ። «ድሆች» ቢሉ ኖሮ ብርድ የመታቸው ስደተኞች ሆነው ይቀሩ ነበር። «የተባረሩ» ስትል ግን ያባረረ አለ ማለት ነው።

በአሜሪካ ገንዘቡ ያለ አግባብ ወደ ባለመሬቱ ሄደ፤ በመንዝ ዘሩ ወደ አራሹ ሄደ። አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ስህተቱ ግን አንድ ነው። ውሉን ማንም አልጠየቀም።

አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። አላባማ፣ ጊስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች፤ ወንዙ በሦስት በኩል ከብቧታል። በ1932 ያበደራቸው ነጋዴ ሞተና ወራሾቹ ዕዳ ብለው መጥተው በቅሎውን፣ ጋሪውን፣ ጎተራ ያለውን እህል ሳይቀር ጠርገው ወሰዱ። ሮትስታይን በ1937 ሄዶ ሲያነሣ ይህ ታሪክ ከፎቶው ጋር ተጻፈ፤ ሥዕሎቹም ኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ወጡ። መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ቤት አሠራበት፤ ኋላም ለቤተሰቦቹ በብድር ሸጠላቸው። ፎቶው ብቻውን ይህን አደረገ አልልም፤ እቅዱ ቀድሞም ነበረ። ግን ያ ፎቶ ዛሬም ሲታይ ምን እንደተወሰደባቸው ይናገራል።

ያላነሣሁት የራሳችን ታሪክ አለ፤ ባጭሩ ልጥቀሰው። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ግብዣና ለውሾቻቸው ሥጋ ሲያጎርሱ ከሚያሳይ ሥዕል ጋር እያቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሣው የረሃብ ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። ሁለቱም ጊዜ ሥዕሉ ሠርቷል። ሁለቱም ጊዜ ግን እነዚያ ሰዎች ከድርቁ በፊት ምን ነበራቸው፣ ለማን ይሰፍሩ ነበር፣ በሬያቸውን ለማን በስንት ሸጡት የሚለው ከሥዕሉ ጋር አልሄደም። የቀረን «የኢትዮጵያ ረሃብተኛ» የሚባል ስም የሌለው ፊት ነው። እዚህ አገር እስካሁን ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል ያን ፊት የሚያስታውስ ሰው ያጋጥመኛል፤ ስለ ኮረም አንዲት ነገር ሳያውቅ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህ ነው። ካሜራችሁን ካወረዳችሁ በኋላ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። መሬቱ የማን ነው? በሬዎቹስ? ዘሩና ማዳበሪያው ከማን ወጣ? አውድማ ላይ ሲካፈሉ እኩል ነው ወይስ ሲሶ? ብድር አለ ወይ፣ ለማን ይከፈላል? ገበሬ እንዲህ ስትጠይቁት አይከፋውም፤ የሚከፋው «ወደ ሩቅ ተመልከት፣ አትሳቅ» ስትሉት ነው። እኔ ብያለሁ። ያገኛችሁትን መልስ ከፎቶው ሥር ጻፉት፤ ለለጋሽ ይረዝማል የሚላችሁ አለቃ ካለ ይርዘም በሉት።

ስሙን በተመለከተ ባለቤቱን ጠይቁት። የፈቃድ ቅጹ ላይ ያለው ስምና የጣት አሻራ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ለጠበቃ ተብሎ እንጂ ለሰውየው ተብሎ አይደለም። ስሜ ይጻፍ የሚል ብዙ አለ። ደግሞ አይጻፍ የሚልም አለ፤ የቃል ውል ነውና ከጎረቤት ሊያጣላ፣ ከቀበሌ ሊያነካካ ይችላል። ያኔ ስሙን ትታችሁ ውሉን ጻፉ። እኒያን የመንዝ እናት በስማቸው ያልጠራኋቸው ስላላስፈቀድኳቸው ነው።

ፎቶውን አጥባችሁ ስጧቸው። ደብረ ብርሃንም ደሴም ፎቶ ቤት አለ፤ በሚቀጥለው ጉዞ መኪናው ይዞት ይሄዳል፤ ዋጋው ከአንድ ቀን አበል አይደርስም። ፍሎረንስ ቶምፕሰን ከጠየቀችው ሁሉ ቀላሉ ይህ ነበር።

ያልተቆረጠውን ዋናውንም አታጥፉ። የአሜሪካኑ ስብስብ በ1944 ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ስለገባ ነው እኔ ዛሬ የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን ጎን ለጎን ማየት የቻልኩት። የእኛ ፎቶዎች የት ነው ያሉት? ጄኔቫና ለንደን ያለ ኮምፒውተር ላይ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሚዘጋ። ቅጂውን ከነመግለጫው ለወመዘክር፣ ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ስጡ፤ ፎቶው ለተነሣበት ወረዳም ስጡ። የመንዝ ልጅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የአያቱን ማሳ ለማየት ቪዛ ሊያስፈልገው አይገባም።

ከሣጥኑ ውስጥ የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ፎቶዬን አገኘሁት። ሙሉውን። ባለፈው ሳምንት እዚህ አሳጠብኩትና ወደ አገር ቤት በምትሄድ ዘመዴ እጅ ሁለት ቅጂ ልኬአለሁ፤ አንዱ ለአራሹ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ በሕይወት ካሉ። ከጀርባው የቀድሞውን መግለጫ ሰርዤ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦

«መንዝ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.። መሬቱ ካቡ ላይ የተቀመጡት እናት ነው። በሬዎቹና ዘሩ የአራሹ ናቸው። ምርቱ እኩል ነው። ጭዱ ለማን እንደሚሆን ፎቶ አንሺው አልጠየቀም።»

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ባልደረባችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ